ካፒታኑ በር ሆነው ያገለገሉባቸው ሦስት ቀናት

ውድ ታላቄ፣ ማና ኢሲያንግ፣

ማዕበሉ ከወሰደሽ ዛሬ አርባ ቀንሽ ነው። ጸሎትሽን አድርሰናል፤ ሩዝ በኮኮናት ወተት ቀቅለን ለጎረቤት አድለናል። የቀረው ወሬው ነውና እሱን በወረቀት እነግርሻለሁ።

መንደራችን በማገገም ላይ ትገኛለች። ይህን ያሉት ካፒታን አርቴሚዮ ናቸው፤ ሹማችን ስለሆኑ እናምናለን። የመልሶ ማቋቋም ኮሚቴው ዘጠኝ አባላት አሉት፤ ዘጠኙም ወንዶች። አሥረኛዋ እኔ ነኝ፣ ያንቺን የሴቶች ተጠሪነት ወርሼ። "የሴቶች መሪነት ለማገገማችን ወሳኝ ነው" ብለው ካፒታኑ አጨበጨቡልኝና ሙዝ እንድቀቅል ላኩኝ። ቀቅዬ ስመለስ ስብሰባው አልቋል።

ውሳኔውም ይኸውልሽ። ሁላችንም በተጠለልንበት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ዳር አራት ሽንት ቤት ተሠራ፤ ፊታቸው ወደ ሜዳው፣ ልክ ከተመልካች መቀመጫው ትይዩ። በር የላቸውም። ኮሚቴው በሩን ረሳው፤ ባነር ግን አልረሳም። ከሰው ቁመት የሚበልጡ አራት ባነሮች፣ የካፒታኑ ሳቂታ ፊት ከነጥርሱ ያለባቸው፣ ግርጌያቸው ላይ "ከሚወዳችሁ ካፒታን" የሚል፣ በሜዳው አጥር ላይ ተሰቀሉ።

ወንዶቹ ግድ አልሰጣቸውም፤ ባሕሩ አላቸው። እኛ ምን አደረግን መሰለሽ? ውሃ መጠጣት ተውን። ሙቀቱን ታውቂዋለሽ። የወር አበባዋ የመጣባት እንዴት እንደምትሆን አልጽፍልሽም፤ ወረቀቱም ይቀፈዋል። ልጅሽ ሉዝሚንዳ ሰባት ወሯን ይዛለች፤ ሽንት እርጉዝን እንዴት እንደሚያጣድፍ አንቺ አራት የወለድሽው ታውቂያለሽ። እሷም ውሃ ተወች።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ሙዙን አስቀድሜ ቀቅዬ ገባሁና በር ጠየቅሁ። ካፒታኑ ሙዝ እየላጡ፣ "ፊላይ፣ እዚህ እኮ ሁላችንም ቤተሰብ ነን። ከቤተሰብ ምን ይደበቃል?" አሉ። ዘጠኙም ሳቁ። የምናዘዝልሽ ይህንን ነው ማና፤ እኔም ሳቅሁ። አንቺ ብትሆኚ ሙዙን ከእጃቸው ትነጥቂያቸው ነበር። በዚያች ሳቅ እስከ ዛሬ ራሴን እጸየፈዋለሁ።

በማግስቱ ሉዝሚንዳ በትኩሳት ነደደች። አዋላጇ፣ የሽንት ኢንፌክሽን ነው፣ ውሃ ካልጠጣች ምጡ ያለ ጊዜው ይመጣል አለች። ልጅሽ ኪኒኑን በምራቋ ዋጠችው። "ማና ፊላይ፣ ሰዎቹ እኮ ኳስ እየተጫወቱ ነው፤ እንዴት ብዬ?" አለችኝ።

ያኔ እኛ ሴቶቹ የዓሣ መረብ መጠገኛ መርፌያችንን አወጣን። ባነሮቹን ከአጥሩ ፈትተን፣ በመረብ ክር ጠርዛቸውን ሰፍተን፣ አራቱ ሽንት ቤቶች ላይ ሰቀልናቸው። ክርክር የተነሣው ፊቱ ወዴት ይዙር በሚለው ብቻ ነበር። አሮጊቷ ማና ቶማሳ "ወደ ውስጥ ከሆነማ እኔ አይወጣልኝም" አለች፤ በሙሉ ድምፅ ወደ ውጭ ሆነ።

ሦስት ቀን ሙሉ ካፒታኑ አገለገሉን። አንዷ ስትመጣ ይገለጣሉ፣ ከገባች ይጋረዳሉ፤ ፈገግታቸው አልጎደለም። ለሕዝቡ ይህን ያህል የቀረበ ሹም አይቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ካፒታኑ ራሳቸው ከከተማ እንግዶች ይዘው መጡ፣ ከነካሜራቸው። እንግዶቹ አራቱን ካፒታኖች አዩ፤ ከአንደኛው አገጭ ሥር የማና ቶማሳ እግር ይታያል። ካፒታኑ በርበሬ መሰሉ። ወደ እኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ "አሁኑኑ አውርጂ፤ ያሳፍራል" አሉ።

"ካፒታን፣" አልኩ እንግዶቹ እንዲሰሙ፣ "እዚህ እኮ ሁላችንም ቤተሰብ ነን። ከቤተሰብ ምን ይደበቃል?"

ማንም አልሳቀም፤ ከባነሩ ጀርባ ካለችው ከማና ቶማሳ በቀር።

በነጋታው አናጢ መጣ። አራት የእንጨት በር፣ ከውስጥ መቀርቀሪያ ያለው። ኮሚቴው ስለ አርቆ አሳቢነቱ ራሱን በጽሑፍ አመስግኗል። ለምስጋናው ስብሰባም ሙዝ አምጪ ተባልኩ። ጥሬውን ከነድስቱ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸውና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ልጅሽን ትኩሳቱ ለቋታል። ዛሬ ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ውሃ አከታትላ ስትጠጣ ቆሜ አየኋት።

ባነሮቹን አጥፌ ትራሴ ሥር አስቀምጫለሁ። ቀጥሎ የምጠይቀው መታጠቢያ ቤት ነው፤ መርፌውም ክሩም አለኝ።

በማያስቀው ነገር ከእንግዲህ የማትስቀው፣
ፊላይሽ