ትቼው የወጣሁት ጨዋታ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

እንዴት ሰንብተሃል? ልጆቹና እናታቸውስ ደህና ናቸው ወይ? ባለፈው ያማረርክበት ጉልበትህ ተሻለህ? ቀኑን ሙሉ ከመድኃኒት መደርደሪያ ፊት ቆሞ መዋል ለማንም አይበጅም፤ አንድ በርጩማ አስገባና አረፍ እያልክ ሥራ። እኔ ደህና ነኝ። ሰው እንዲህ ብሎ ካልጀመረ ደብዳቤ አይሄድለትም መሰለኝ፤ ስለዚህ ደህና ነኝ።

ይህን በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት። አሁን የምጽፍልህ በምሳ ሰዓት፣ ከሥራ ቦታዬ፣ የውሃ ቆጣሪ ከምንፈትሽበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ባልደረቦቼ ለምሳ ወጥተዋል፤ አንድ ቆጣሪ ብቻ አጠገቤ ቀስ እያለ ይዞራል። ቤት ሆኜ መጻፍ አልችልም።

ያቺን የካርታ ጨዋታዬን ታውቃታለህ፣ «ባል አጥተሽ ኮምፒውተር አገባሽ» እያልክ የምትስቅባትን። ሃምሳ ሁለቱም ካርታ ገና ከመነሻው ፊቱን ገልጦ በስምንት ረድፍ ይደረደራል፣ ከላይ አራት ባዶ ማቆያ አለ፣ ሁሉንም ከአንድ እስከ ንጉሥ በየዓይነቱ መሰብሰብ ነው። እያንዳንዱ ድርድር ቁጥር አለው። አብዛኛው በቀላሉ ይፈታል። አንዳንዱ ግን ሳምንት ያስጨንቃል። እኔና መሰሎቼ እነዚያን አስቸጋሪ ቁጥሮች እየፈታን፣ የሄድንበትን መንገድ አንድ በአንድ ለሌላው የምናካፍልበት ገጽ አለን። እዚያ ስሜ «ቆጣሪ» ነው። «አናጢው» የሚባል አንድ ሰው አለ፤ መልኩን አላውቅም፣ ድምፁን አልሰማሁም፣ ግን አሥራ አንድ ዓመት ተጻጽፈናል። ክፉ አይደለም፤ ምስጋና ግን በማንኪያ ነው የሚሰጠው። አንድ ጊዜ «አልተበላሸም» ብሎኝ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ከረምኩ።

አባባ ጨዋታዋን አይወዷትም ነበር። ጤነኛ ሳሉ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከወንበሬ ጀርባ ይቆሙና፣ «ብቻውን ከሚጫወት ሰው ጋር ማን ይጣላል? ማንስ ይታረቃል?» ይሉኝ ነበር። ግን ሳልጨርስ አይሄዱም። አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይቆማሉ። ሠላሳ ዓመት የስልክ ምሰሶ ላይ ሲወጡ የኖሩ ሰው ናቸው፣ መቆም አይሰለቻቸውም ብዬ እተወዋለሁ። እየናቁኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ እየተማሩ ኖሯል።

ከታመሙ በኋላ አልጋቸውን ሳሎን ያስገባነው አንተና እኔ ነን። ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ በስተቀኝ አደረግነው፣ እየተጫወትኩ እንድጠብቃቸው። ግራ እጃቸው ከማውዙ ስንዝር አይርቅም። ሐኪሙ ያለውን አብረን ሰምተናል፤ ቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው ሄዷል፣ አእምሯቸውም አብሮ ሄዷል፣ የግራ ጣቶቻቸው አልፎ አልፎ መንቀሳቀስ ጅማቱ በራሱ ጊዜ የሚያደርገው ነው። «ዓይናቸው ቢገለጥም አያዩም» አለ። አመንነው። አጠገባቸው እየበላን፣ እየሳቅን፣ እየተጨቃጨቅን ስምንት ወር ሆነ።

አንተ መጥተህ እሑድ በተመለስክ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ አንድ አስቸጋሪ ቁጥር ጀምሬ ትቼው ወጣሁ። ኮምፒውተሩን አላጠፋሁትም፤ ብርሃኑ ለቤቱ ጓደኛ ነው ብላ ያስለመደችኝ አስታማሚያቸው ናት፣ ያቺ አፏ አይዘጋምና አንተ «ሬዲዮ» ያልካት። ማታ ስመለስ ጥቁሩ ዘጠኝ ከነበረበት ተነሥቶ ቀዩ አሥር ላይ ተቀምጧል። እኔ ያላየሁት መንገድ ነበር። ሬዲዮን ጠየቅኳት። «እኔ እንኳን ካርታ፣ የመታወቂያ ካርዴንም የት እንዳኖርኩት አላውቅም» አለችኝ። ሳቅን። ራሴው አንቀሳቅሼ ረስቼው ይሆናል አልኩ።

ማክሰኞ ሦስት ካርታ ተንቀሳቅሷል። ረቡዕ አንድ ረድፍ ባዶ ሆኗል። ሬዲዮ አሁን አልሳቀችም። ጠዋት ልብስ ልታጥብ ጓሮ ትወጣለች፣ የፊቱን በር ትቆልፈዋለች፣ ቁልፉ ጡቷ ሥር ነው። «ቤቱ ሰው አለበት» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነፍሳቸውን ይማርና እናትሽ ይሆናሉ፤ ባላቸውን ሊያዩ ይመጣሉ።» ተቆጣኋት። ተቆጥቼ ስጨርስ እጄን ማውዙ ላይ አሳረፍኩ። ሞቆ ነበር።

ሐሙስ ማታ ስመለስ ጨዋታው አልቋል። አራቱ ንጉሦች ከላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሲያልቅ ብቅ የምትለዋ መላኪያ ተነክታ መፍትሔው ወደ ገጻችን ተልኳል፣ በእኔ ስም፣ ስልሳ አንድ እርምጃ፣ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ከሃያ። ያን ሰዓት እኔ እዚህ ቆጣሪ እየፈተሽኩ ነበር፤ የፈረምኩበት ወረቀት አለ። ይህን የምነግርህ አበደች እንዳትል ነው።

ዓርብ ማታ አናጢው ጻፈልኝ። ደብዳቤው አጭር ነበር። ይህ የአንቺ እጅ አይደለም አለኝ። አንቺ ቀዳዳ ስታገኚ ትሮጫለሽ፤ ይኸኛው ግን ይጠብቃል፣ እያንዳንዱን ካርታ ሁለተኛ ዕድል እንደሌለው ሰው ነው የሚያነሣው። ከዚያም፣ ቤት ውስጥ አብሮሽ ያለው ማን ነው ብሎ ጠየቀኝ።

እኔም «ማንም የለም» ብዬ ጻፍኩለት።

ያችን ሁለት ቃል በትልልቅ ፊደል፣ ከአባባ ዓይን አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው የጻፍኳት። ስልክ እንኳ ያለ መነጽር የሚያነቡ ሰው እንደነበሩ አንተም ታውቃለህ።

ሰኞ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ማክሰኞም። አዲስ ቁጥር ከፍቼ ትቼ ብወጣም እንደተውኩት አገኘዋለሁ። እፎይ ማለት ሲገባኝ ማታ ማታ ካርታዎቹን እየደጋገምኩ እቆጥር ጀመር። ረቡዕ ራሴን አሞኛል ብዬ አለቃዬን አስፈቅጄ ረፋዱ ላይ ቤት ገባሁ። ሬዲዮ ጓሮ ውሃ ስታንቦጫርቅ ይሰማል። በጓሮ በኩል ገብቼ በሳሎኑ በር መስታወት አጮልቄ አየሁ።

እጃቸው እየሄደ ነበር። እንደ ቀንድ አውጣ። ከአልጋው ጠርዝ እስከ ማውዙ ያለችውን ስንዝር ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀባቸው አልቆጠርኩም። ይደርሳል፣ ያርፋል፣ አንድ ጣት ብቻ ትነሣለች፣ ትወርዳለች። ስክሪኑ ላይ አንድ ካርታ ይንቀሳቀሳል። ፊታቸው ምንም አይልም፤ ስምንት ወር ሙሉ ያየነው ያው ፊት ነው። ግንባራቸው ብቻ በላብ ርሷል። እዚያው በሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ወንድሜ፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አባቴ ከሞት ሲመለሱ እያየሁ መጀመሪያ ልቤ ውስጥ የገባው ግን ደስታ አይደለም። ያን እሑድ የተነጋገርነው ነው።

ታስታውሳለህ። ከአልጋቸው ግራና ቀኝ ተቀምጠን ነበር፣ እሳቸውን በመካከላችን አድርገን። አንሶላቸውን እያስተካከልክ፣ «አባባ ካለፉ ቆይተዋል፤ የቀረው እስትንፋስ ነው» አልክ። «ያቺ ጠዋት ጠዋት የምትሰጫቸው ክኒን ስቃያቸውን ታስረዝማለች እንጂ ሌላ ጥቅም የላትም» አልክ። ባለሙያው አንተ ነህ። እኔ ይሁን አላልኩም፣ አይሁንም አላልኩም። ሻይህን ጨምሬ ቀዳሁልህ።

በሩን ከፍቼ ገባሁ። እጃቸው ቆመ። ከአልጋው አጠገብ ተንበርክኬ፣ «አባባ፣ ይሰማሉ?» አልኳቸው። ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው። «የሚሰሙ ከሆነ ያንን ቀዩን ሰባት ያንሱልኝ» አልኳቸው። ቀዩን ሰባት አላነሡም። እጃቸው ተንፏቆ ከታች ወዳለችው ወደ «መልስ» መጫኛዋ ሄደ፣ ያች የተሳሳተ እርምጃ የምትመልሰው። ጫኗት። የመጨረሻው ካርታ ወደነበረበት ተመለሰ። ደግመው ጫኗት። ሌላው ተመለሰ። አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ፣ የሄዱበትን ሁሉ እየመለሱ ከመጀመሪያው ድርድር አደረሱት። ከዚያ እጃቸውን አንሥተው ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ወደ ፊቴ አይደለም። ወደ እጄ።

ተነሥቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። የጠዋቷን ነጭ ክኒን ጠርሙስ አወጣሁ። በዚህ ወር መጨረሻ ባዶ መሆን የነበረበት ጠርሙስ ነው። አንተ ስትሄድ ምን ያህል እንደነበረበት አይተሃል፤ ክዳኑን ከፍተህ ያየኸው ራስህ ነህ። ያን ረቡዕ ስከፍተው ያው ነበር። የቀረውን አንተው አስላው፤ በእጄ አልጽፈውም።

አንዷን በውሃ ሰጠኋቸው። እስከዚያ ቀን አፋቸውን በማንኪያ ነበር የምንከፍተው። እኔ ሳልነካቸው ከፈቱ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ጠዋት አላለፈም። እሳቸውም አንድም ጠዋት ዓይናቸውን ከእጄ አላነሡም፤ ከመሳቢያው እስከ ከንፈራቸው ይከተሉታል። ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ። ይሰሙኛል፣ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ካርታው ይመልሳሉ፤ አንደበት ስለሌላቸው ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ሐኪም ቤት ነግሬ ነርሷ መጥታ ነበር። «አባት፣ እስቲ ጣትዎን ያንሱ» አለቻቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ግማሽ ሰዓት ስትለፋ ቆየች፣ እጃቸው እንደ ድንጋይ። ስትወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ «ድካም ነው፣ ትንሽ ዕረፍት ውሰጂ» አለችኝ። የኮቴዋ ድምፅ ሳይጠፋ ማውዙ ሲንቋቋ ሰማሁ።

ለአናጢው እንደገና ጻፍኩለት። ዋሽቼህ ነበር፣ መፍትሔው የአባቴ ነው አልኩት። ማንም ያልፈታው አንድ ቁጥር ላከልኝና፣ ለእሳቸው ስጪልኝ፣ አይቸኩሉ በያቸው አለኝ። አራት ቀን ለፉበት። ሊፈቱት ትንሽ ቀርቷቸው ነበር።

ያለፈው እሑድ ፀጉራቸውን እያበጠርኩ፣ «ለወንድሜ ልጽፍለት ነው፣ ሁሉንም ልነግረው ነው፣ እንዲመጣ ልጠራው ነው» አልኳቸው። እጃቸው ማውዙ ላይ ነበር። አነሡት። ከዚያ ወዲህ አልነኩትም። ጨዋታው እንደተከፈተ ነው፤ ሦስት ካርታ በማቆያው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። አንገታቸውን አዙረዋል፣ ሐኪሙ ፈጽሞ አይዞርም ያለውን አንገት፣ ወደ በሩ። ቀኑን ሙሉ በሩን ነው የሚያዩት። በደጃፍ የወንድ ኮቴ በተሰማ ቁጥር የግራ ጣቶቻቸው የአልጋውን ብረት ጭምድድ አድርገው ይይዛሉ፣ ኮቴው አልፎ እስኪሄድ አይለቁትም። ናፍቆት ይሁን ፍርሃት እኔ መለየት አልቻልኩም። አንተ ግን የበኩር ልጃቸው ነህ፤ ምናልባት ትለየው ይሆናል።

ስለዚህ ና። ስትገባ ከበሩ ላይ ማን እንደሆንክ ተናገር። መጀመሪያ እሳቸውን ሰላም በል፣ እኔን ኋላ። በላያቸው ላይ አንነጋገር። የምትለውን ከወዲሁ አስብበት፤ እሳቸው ጊዜ አላቸው፣ ይጠብቃሉ። ሰው ባዶ እጁን መምጣት ነውር ነው ብለን ነው ያደግነው፤ አንተም ከመድኃኒት ቤትህ አንድ ነገር ሳትይዝ መጥተህ አታውቅም። አሁን ግን አደራህን፣ ምንም ይዘህ እንዳትመጣ። ባዶ እጅህን ግባ፣ ሁለቱንም መዳፍህን እንዲያዩት አድርገህ።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ። ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። አንተንም በእርጅናህ ዘመን የሚሰማህ ሰው አያሳጣህ።

ናፋቂህ ታናሽ እህትህ