ከዳዊት በኋላ የመረጠችው ቤት

ብርቄ ሆይ፣ ከአፈር በላይ ከቀረሁት ከባልሽ ሰላም ይድረስሽ። ንዳዱ አንቺን ከነጠቀኝ ወዲህ ክረምቱ አልፏል፤ ጣና ሞልቶ ጎድሏል፤ ታንኳ የሚሠራበት የዳሩ ደንገል ታጭዶ አዲሱ በቅሏል። እንደምን አለሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ አንቺው እኔን ጠይቂኝ። አለሁ። የቅኔ ጉባኤዬንም ከዋርካው ሥር እንደ ዘረጋሁ ነኝ።

አንቺ ሳለሽ ጣሊያኖቹ ድንኳን ብቻ ነበራቸው። አሁን ከሐይቁ ዳር የድንጋይ ቤት ሠርተው፣ ኖራ ለቅልቀው፣ ጨርቃቸውን ሰቅለዋል። በሞተር ጀልባ እየተንደቀደቁ ይመላለሳሉ። ዓሣው ሁሉ ወደ ማዶ ሸሸ ይላሉ ታንኳ ቀዛፊዎቹ። ዓሣ እንኳ ጎረቤቱን ይመርጣል።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን ትምህርት ቤት መክፈታቸው ነው። እንዴት እንደ ከፈቱት ልንገርሽ። ተማሪዎቼ እንደ ወትሯቸው የበግ ደበሏቸውን ደርበው፣ አኩፋዳቸውን አንግተው፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ቁራሽ ሲለምኑ የጣሊያኖቹ ሹም ያያቸዋል። ለማኝ መሰሉት! የባለ ርስት ልጅ ሳይቀር ለምኖ የሚማረው ትዕቢቱ እንዲበርድ መሆኑን ማን ይንገረው? አዘነላቸው። ሰብስቦ ዳቦ አደላቸውና ፊደል ያልቆጠሩ ምስኪኖች ናቸው ብሎ ስማቸውን ጻፈ። ዳዊት በቃላቸው የሚወጡትን! ልጆቹም ዳቦውን ተቀብለው፣ እግዜር ይስጥልን ብለው፣ ወደ ቅኔያቸው ተመለሱ። በማግስቱም እንዲሁ። እሱ ትምህርት ቤቴ ሞላ ይላል፤ እነሱ ደግ ደጅ አገኘን ይላሉ።

አስተርጓሚው ያ የእኛው ጉድ ነው። ከመራዊ በኩል መጥቶ ከደጃችን የወደቀውን፣ ቆሎ እየቋጠርሽ ያጠገብሽውን ተማሪ መቼም አትረሺውም። ከጉባኤ ቃና ፈቀቅ ሳይል ቀረ። ሁለት ቤት ብቻ ያላትን የጀማሪ ቅኔ መግጠም ያቃተው ሰው፣ ዛሬ ሁለት አገር አነጋግራለሁ ይላል። ጫማም አድርጓል፤ ሲራመድ ግን እሾህ የወጋው ይመስላል።

ይኸው ሰው ነው የትምህርቱን ምርጫ በየደጁ እየዞረ የሚለፍፈው። ለወንድ ድንጋይ መጥረብ፣ መንገድ መደልደል፣ የሹሙን አትክልት ማጠጣት፤ ምላሱ ለቀናለት ደግሞ እንደ እሱ ማስተርጎም። ለሴት ማጠብ፣ መተኮስ፣ ገበታ ማቅረብ። ይህንንም ከፍ ያለ ትምህርት ይለዋል! እኔ ምርጫ አልጠላም፣ ብርቄ። ዳዊት የደገመ ልጅ ዜማ ቢያምረው ዜማ ቤት ይሄዳል፤ አቋቋም ቢያምረው ጎንደር ይወጣል፤ መጽሐፍ ቢል ከትርጓሜ መምህር እግር ሥር፣ ቅኔ ቢል ከእኔ ዘንድ ይቀመጣል። መምህሩን በእግሩ ሄዶ ይመርጣል፤ በመንገድ የሚያግደው ውሻ ብቻ ነው። የእነሱ ምርጫ ግን በየትኛውም በር ብትገቢ የምትወጪው ከጌታው ጓዳ ነው። ይህንኑ ለአስተርጓሚው ብነግረው ሳል ያዘው።

አሁን ወደ ልጃችን ልምጣ። አትጠገብ፣ አንቺ ከአባትሽ የቀሰምሽውን ዳዊት ከአፍሽ ተቀብላ ስትጨርስ፣ ቅኔ ትግባ ብለሽ ነበር። የደብሩ አለቃ ግን ሴት ልጅ ከዳዊት አታልፍም፣ ከዚያ ወዲያ እንዝርቷን ትያዝ አሉ። አለቃውና የጣሊያኑ ሹም አንድ ቀን ሳይነጋገሩ ለሴት ልጅ እንዲህ አንድ ልብ መሆናቸው ይደንቀኛል።

ባለፈው ሰሞን አስተርጓሚው መጣና፣ ማንበብ የምታውቅ ልጅ አለችህ አሉ፣ ሹሙ ለቤቱ መርጧታል፣ ሰኞ ይዘሃት ና አለኝ። አንተ አለኝ፣ እኔን መምህሩን! እሷስ ምን መረጠች ብዬ ብጠይቀው፣ እሷ ምን ታውቃለች ብሎ ሳቀ። ያኔ ከድንኳኑ የገቡት ልጆች ምን ሆነው እንደ ወጡ አንቺም ሰምተሽ ነበር። ፈራሁ፣ ብርቄ። በታንኳ ወደ ደልጊ ላሻግራት አስቤ ነበር፤ ታንኳውን ሁሉ ሐይቁ ላይ እያስቆሙ ይፈትሻሉ አሉኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የተባለው ለካ ስለ እኔ ነው።

መላውን ያገኘችው እሷው ናት። ጠጉሯን ተላጨች፤ ደበሎ ለበሰች፤ አኩፋዳ አንግታ ከተማሪዎቼ መካከል ሄዳ ቁጭ አለች። ልጆቹም ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

ሰኞ አስተርጓሚው ወታደር አስከትሎ መጣ። ቤቱን በረበረ፤ ጎታውን ከፈተ፤ የአልጋ ሥር ሳይቀር አጎንብሶ አየ። ወደ ጉባኤው ሲደርስ ግን ነጭ መሐረብ አውጥቶ አፍንጫውን ያዘ። ደበሎ ተባይ እንዳለው ያውቃላ፤ ለብሶታል! ትናንት ከእነዚህ አንዱ እንደ ነበረ ወታደሮቹ እንዳይነቁበት ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። አትጠገብ እጁን ቢዘረጋ በሚነካት ቦታ ነበረች። ልጅህ የት ናት አለኝ። ትምህርቷን መርጣ ሄደች አልሁት። ወታደሮቹን ይዞ ሄደ።

መደበቂያ ያልሁት ግን ለእሷ መደበቂያ አልነበረም። ከልጆቹ ጋር ትለምናለች፤ ከልጆቹ ጋር በየዛፉ ሥር ተቀምጣ ቅኔ ትቆጥራለች። ባለፈው ቅዳሜ ተራዋ ደረሰና የመጀመሪያዋን ጉባኤ ቃና ነገረችኝ። ስለ አንቺ ነው። የክርስትና ስምሽን አስገብታ፣ ማዶ የተሻገረች እናት ታንኳዋን ለልጇ መልሳ ላከች ትላለች። ሁለተኛው ቤት ትንሽ ያነክሳል። የሚያነክስ ቅኔ ሰምቼ ዝም እንደማልል ታውቂያለሽ፤ ስንቱን ሂድና ዓሣ አጥምድ ብዬ ሳባርር፣ አንቺ በጓሮ ጠርተሽ ታባብዪው ነበር። ያን ቀን ግን ተማሪዎቹ እርማቴን ሲጠብቁ ፊቴን በኩታዬ ሸፍኜ አለቀስሁ።

አለቃው ሲሰሙ ይቆጡ። ሹሙም ያሻውን ያህል ኖራ ይለቅልቅ። ለሙት ዓመትሽ ቅኔ የሚያበረክተው ተማሪ ተመርጧል፤ ስሙን የሚነግራቸው ግን የለም። ከቅኔ ወዲያ ወዴት እንደሚሄድም ራሱ ይመርጣል፤ ስንቁን እኔ እቋጥራለሁ።

የቤታችንን ሕግ ታውቂዋለሽ፤ ቅኔ አንዴ ይነገራል እንጂ አይደገምም። የደገመ ሌባ ነው እያልሁ ሸብቻለሁ። እንግዲህ ሌባ በዪኝ። ታንኳዋ ለእኔም እስክትመጣ ድረስ፣ ይህችን አንዲቷን ከነማነከሷ፣ በየማለዳው ወደ ሐይቁ ዞሬ እደግምልሻለሁ።