ከመርዶ ነጋሪ የቀደመች ጣት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ዛሬ ከሰው ጋር በአካል የተነጋገርኩት በጠቅላላ ይኸው፦ ለቤት አከራዬ ለእትዬ አስካለ «እንደምን አደሩ»፣ ለቢሯችን ጥበቃ «ደህና»፣ ለባጃጁ ልጅ «እዚህ ጋ አውርደኝ»። አለቀ።

ስልኬ ላይ ባለው የከተማችን ልጆች ግሩፕ ግን ንግሥት ነኝ። ስለ ቢሯችን ስብሰባ የጻፍኩትን ቀልድ ግማሽ የሞላሌ ልጅ እየተቀባበለ ሲስቅ ዋለ። ያው ሰው ነገ መንገድ ላይ ቢያገኘኝ ጫማዬን አይቼ ነው የማልፈው። በጣት አንበሳ፣ በምላስ አይጥ።

ማታ ስልኬን እያየሁ ስስቅ እትዬ አስካለ በመስኮት ብቅ አሉ። «አንቺ ወይንሸት፣ ብቻሽን ከማን ጋር ነው የምትስቂው? ጠበል ልውሰድሽ እንዴ?»

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

የሙሉ አባት ጋሽ ሽፈራው ንጋት ላይ ዐረፉ። ከሙሉ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ተጋርተናል። አሁን የቀን መንገድ ርቃ ዓለም ከተማ ታስተምራለች።

የሰማሁት ከጥበቃው ነው፣ አራት ሰዓት ገደማ። እግሬ ወደ ለቅሶ ቤት መሄድ ሲገባው ጣቴ ቀደመች። «የውድ ጓደኛችን የሙሉ አባት ዐረፉ። ነፍስ ይማር። ሙልዬ አይዞሽ፣ ከጎንሽ ነን።» ከሥሩ ሻማ፣ ከሻማው ሥር የሚያለቅስ ፊት። እኔ አላለቀስኩም፤ ፊቱ አለቀሰልኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት እኔ በመሆኔም ደስ አለኝ። እዚህ ካልተናዘዝኩ የት ልናዘዝ?

ዘጠኝ ሰዓት ቀብር ላይ ከሰው ጀርባ ቆሜ ሳለ እትዬ አስካለ ጠጋ አሉኝ። «ምስኪን ሙሉ። ገና አልሰማችም እኮ። አጎቷ ጋሽ ተሰማ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ጠዋት ተነሥተዋል። እዚያ አድረው ነገ ማለዳ ያረዷታል።»

መርዶ። እንዴት ረሳሁት? እዚህ አገር ሞት በሽማግሌ፣ በማለዳ፣ ሰው ከብቦ ነው የሚነገረው። ልጅ ሁልጊዜ የመጨረሻ ሰሚ ነው።

ከመቃብሩ ዳር ሆኜ ጽሑፌን አጠፋሁት። ሃምሳ ሁለት ሰው አይቶታል። አንዷ ሙሉ እንዳትሆን ለማርያም ተሳልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

አንዷ ሙሉ ነበረች።

ትናንት በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ደብተር እያረመች ስልኳን ከፈተች። ቤት አሥራ ሁለት ጊዜ ደወለች። ማንም አላነሳም፤ መርዶ በስልክ አይነገርማ። ሁሉም የሚጠራውን ስልክ ከብቦ እያየ ተቀመጠ። ከዚያ ወደቀች። ውሃ ያፈሰሱባት የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቿ ናቸው። ጋሽ ተሰማ «አባትሽ ትንሽ አሟቸው» የሚል ንግግር መንገዱን ሙሉ ሲለማመዱ ሄደው፣ ማታ ሲደርሱ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አገኟት።

ይህን ሁሉ እትዬ አስካለ ናቸው የነገሩኝ። ማን እንደ ጻፈው ያውቃሉ። አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

የጻፍኳቸው ይቅርታዎች፦
«ሙልዬ፣ ሳላውቅ ነው።» (ሳልጠይቅ እንጂ።)
«ቃላት የለኝም።» (አለኝ። ያጠፋኝ እሱ ነው።)
የሚያለቅስ ፊት ብቻ። (እግዜር ይይልሽ!)
ሁሉንም ደመሰስኩ።

ሌላ ጭንቀት። ታናሽ ወንድሟ ብሩክ ደብረ ብርሃን ይማራል። ፈተና ላይ ስለሆነ እሱ ገና አልተነገረውም። ግሩፑ ውስጥ ስሙን ሦስት ጊዜ ፈለግሁ፤ የለም። ስምንት ጓደኞቹ ግን አሉ። ለስምንቱም ደወልኩላቸው። በድምፄ! «እባካችሁ ዝም በሉ» እያልኩ። ስምንቱም ማሉልኝ። ከሳምንቱ ሥራዬ የማላፍርበት ይኸው ብቻ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ሙሉ ትናንት ማታ ገብታለች። ዛሬ እትዬ አስካለ ንፍሮ በሳፋ አሸክመው ወደ ድንኳኑ ነዱኝ። መንገዱን ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» እያልኩ ተለማመድኩ። ሁለት ቃል ነው። ሕፃንም ይለዋል።

ገባሁ። ሙሉ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ አብጧል። ቀና ብላ አየችኝ። ሴቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አፌን ከፈትኩና «እንኳን ደህና መጣሽ» አልኳት።

ለሐዘንተኛ። አባቷን ቀብረው ለጠበቋት ልጅ።

«ውይ በሞትኩት!» አለች አንዷ ከጥግ። ሙሉ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች። ንፍሮውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ከጓዳ በኩል ገብቼ ሳህን ሳጥብ፣ ከቧንቧ ውሃ ስቀዳ ዋልኩ። ሳህን «እንኳን ደህና መጣሽ» ቢሉትም አይቀየምም። ግሩፑ «ወይንዬ የት ጠፋሽ? ቀልድ አምጪ እንጂ» እያለ ይጮኻል።

ይቅርታ በሽማግሌ ነው የሚጠየቀው። ሽማግሌ ፈልጌ ያገኘሁት ጋሽ ተሰማን ነው፤ የቀደምኳቸውን ሰውዬ ራሳቸውን። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በከዘራቸው አገዱኝ።

«እኛ ቀኑን ሙሉ በመኪና ተንገላታን፤ አንቺ በጣትሽ ቀደምሽን» አሉ። «መርዶውን ይዘሽ እሷ ዘንድ ስትሄጂ ማንን አስከተልሽ?»

«ማንንም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አሁንም ብቻሽን ቅደሚ።»

እሑድ፣ ኅዳር 7

ከቅዳሴ በኋላ ሙሉ እጇን ልትታጠብ ወደ ጓዳ መጣች። ማንቆርቆሪያውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኳት።

«አውቃለሁ። ስምሽ እኮ ከላዩ አለ።»

ውሃ አፈሰስኩላት።

«መስማቴ አይደለም፣ ወይንዬ። መቼም መስማቴ አይቀርም» አለች። «ስወድቅ የያዘኝ አልነበረም። ጠረጴዛው ነው የተቀበለኝ።»

አለቀስኩ፤ ያለ ሻማ። እሷ አላባበለችኝም። ትክክል ናት።

እጇን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች። «ብሩክ ፈተናውን ጨርሷል። ጋሽ ተሰማ ከምሳ በኋላ ይሄዳሉ። ነገ ማለዳ ነው የሚያረዱት። አብረሽ ትሄጃለሽ።»

«እኔ? ምን ልበለው?»

«ምንም እንዳትይ። ያዥው ብቻ።»

ይቅር ብላኝ ይሁን እየቀጣችኝ አላውቅም። አልጠየቅኳትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ደብረ ብርሃን። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ብሩክ የተከራየበት ግቢ በር ላይ መኪና ውስጥ ሆነን መንጋቱን እንጠብቃለን። ሥራው ተከፋፍሏል፦ ጋሽ ተሰማ ይናገራሉ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ እኔ ከኋላው ሆኜ ብብቱ ስር እይዘዋለሁ። ብሩክ ረጅም ነው። ቢከብደኝስ? እጄ ቢከዳኝስ? ጋሽ ተሰማን ጠየቅኳቸው።

«አብረሽው ውደቂ» አሉ።

በሩ ተከፈተ። ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደያዘ ወጣ። መኪናውን አየ። እኔን አየኝ።

ሳቀልኝ።