ሦስት ነጥብ የጎደለው ሐኪም አቤቱታ

በውጭ አገር የተማሩ ሐኪሞችን ለምትፈትኑ ክቡራን የቦርድ አባላት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ የተሟላ፣ የደም ግፊታችሁ የተስተካከለ፣ እንቅልፋችሁም እንደ ሕሊናችሁ የተረጋጋ እንዲሆን ከነገሌ ቦረና እመኛለሁ። እኔ ፋዲል ዓብዱልባሲጥ እባላለሁ። ካርቱም ሕክምና ተምሬ የተመለስኩ፣ ፈተናችሁን ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለቱንም ጊዜ በሦስት ነጥብ የወደቅሁ፣ ዛሬ በአባቴ ሱቅ ስኳር የምመዝን ሰው ነኝ። ደንበኞች ሩብ ኪሎ የሚያዙኝ እስካሁን «ዶክተር» እያሉ ነው። የመጨረሻው ዕድሌ የሚቀጥለው ወር ፈተና ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ምስጋናዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ከበረዷማ ተራራ ስለወረደውና ጣቶቹ ስለጠቆሩት ሰው ስለጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄውን ባለመመለሴ የሚገባኝ ነጥብ ተቀንሶብኛል። ያ ሰው በረዶ በማያውቀው ቆላ፣ ሊበን ሜዳ ላይ መንገድ ጠፍቶት ሱቃችን ቢመጣ ግን አሁን ተዘጋጅቻለሁ።

2. ፈተናችሁን በዘጠና አንድ ያለፈውን ዶክተር ኤርሚያስን ለነገሌ ሆስፒታል ስለላካችሁልን አመሰግናለሁ። ቻይና የተማረ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ የሚኖረውም እኛው ግቢ ተከራይቶ ነው። ነጭ ጋዎኑ ታጥቦ ከኔ የሱቅ ሽርጥ አጠገብ ይሰጣል። ዝናብ ሲመጣ እናቴ ጋዎኑን ሮጣ ታስገባለች፣ ሽርጡን ትረሳዋለች። እኔም ሰው ነኝና ቀናሁ።

3. «ውጤቱ የወደፊት የሥራ ብቃትን ያመለክታል» ብላችሁ ስለጻፋችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ የሆነውን ልንገራችሁ። ኦቦ አረሮ የሚባሉ ሽማግሌ ከወደራ ገጠር ታመው መጡ። በአገሩ ወግ ሰው «እንዴት ነህ» ሲባል ሕመሙን አያስቀድምም፤ «ናጋ»፣ ሰላም ነው፣ ይላል። ሰዉ፣ ከብቱ፣ ሣሩ፣ ዝናቡ ተራ በተራ ከተጠየቀ በኋላ ነው የራሱ ነገር የሚነሣው። ኤርሚያስ ግን ስልሳ ሰው ተሰልፎበት ስለነበር በአስተርጓሚ አንዴ ጠየቀ፤ ናጋ ሲሉት ካርዱ ላይ «የተለየ ሕመም የለም» ብሎ ጽፎ ሸኛቸው።

ሽማግሌው ጨው ሊገዙ ሱቃችን ገቡ። ከብቱንና ዝናቡን ጠይቄ ስጨርስ፣ ሁለት ወር ሙሉ ደም የተቀላቀለበት ሳል እንደሚያስሉ ነገሩኝ። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ የታየኝ የሳቸው ሕመም ሳይሆን የኤርሚያስ ስሕተት ነበር። ደስ አለኝ፤ በመደሰቴም አፍራለሁ። እጃቸውን ይዤ ወደ ሆስፒታሉ መለስኳቸውና በሕመምተኛው ሁሉ ፊት ስሕተቱን ለኤርሚያስ ጮክ ብዬ ነገርኩት።

እሱ ግን አልተቆጣም። ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቆ አክታቸውን አስመረመረ፤ የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ፣ መድኃኒትም ጀመሩ። ከሥራ ሲወጣ ሱቅ መጥቶ ወጉን እንዳስተምረው ለመነኝ፤ እምቢ ለማለት አፈርኩ። በወሩ ስለ ግመልና ስለ ሣር አጠያየቁ ከኔ በለጠ። አሁን ከፊልቱ ድረስ የሚመጡ ሰዎች እሱን ነው የሚያፈላልጉት። እንግዲህ ዘጠና አንዱ ትክክል ነበር ትሉኝ ይሆናል። በዚያ ቀን የሽማግሌውን ሕመም የሳተው ግን ባለ ዘጠና አንዱ ሰው ነው፤ ኤርሚያስን የጠቀመውም ስሕተቱ ሲነገረው ማኩረፍ ትቶ መጠየቁ ነው። ይህን የሚለካው የትኛው ጥያቄያችሁ እንደሆነ ብታስታውቁኝ ውለታችሁን አልረሳም። ለኔም ያስፈልገኛል፤ ሁለቴ ስወድቅ ሁለቴም አኩርፌያለሁና።

4. ፈተናውን ያለፈው ምን ዓይነት ሐኪም እንደወጣው፣ የወደቀውም ምን እንደሆነ ለማየት ከመካከላችሁ እስከዛሬ ማንም ነገሌ ድረስ አልመጣም። መንገዱ አድካሚ ነውና ስለራሳችሁ መጠንቀቃችሁን አደንቃለሁ።

ሦስት ነጥብ የጎደለኝ፣ አክብሮቴ ግን ያልጎደለ፣ በሚቀጥለው ወርም እርሳስ ቀርጬ ደጃችሁ የምቆም ትሑት አገልጋያችሁ፣
ፋዲል ዓብዱልባሲጥ
ነገሌ ቦረና

ማሳሰቢያ፦ የእናቴን የወይዘሮ ሸምሳን የደም ግፊት በየቀኑ የምለካላት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ግን ሆስፒታል፣ የኤርሚያስ ምርመራ ክፍል በር ላይ ተሰልፋ አገኘኋት። ለምን እንደመጣች ብጠይቃት፣ «አንተ ታውቃለህ ልጄ፤ እሱ ግን ይፈርማል» አለችኝ። እውቀትና ፊርማ ሁለት ነገር መሆናቸውን ፊደል ሳትቆጥር ለይታለችና፣ ቦርዳችሁ ውስጥ ወንበር ቢጎድል እሷን እጠቁማለሁ።