ፈሳሹ ሲመሰገን ካርቦኑ እንዳይረሳ

ለ፦ የኃይል ማከማቻ ምርምር ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
ቀን፦ ጥር 14
ጉዳዩ፦ የሥራ ድርሻዬ እንዲታወቅልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካቿ የኤሌክትሮድ ክፍል ተመራማሪ ነኝ። ሥራዬ ለሱፐርካፓሲተር፣ ማለትም ኃይልን በቅጽበት ተቀብሎ በቅጽበት ለሚለቅ ማከማቻ፣ ካርቦን ማዘጋጀት ነው። ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁረት ሠርግም ለቅሶም አብሮኝ ይሄዳል።

2. ታናሽ እህቴ አምና የማከማቻው ፈሳሽ በሚዘጋጅበት በኤሌክትሮላይት ክፍል ተቀጠረች፤ ለማዕከሉ ያስተዋወቅኋትም እኔው ነበርኩ። ካርቦኔ በሚነከርበት ፈሳሽ ውስጥ ጥቂት ጭማሪ ጨው ብታሟሟበት፣ ማከማቻው የሚይዘው ኃይል በሲሶ ጨመረ፤ በብርድም መድከሙን ተወ። ውጤቱ እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ድስቱን የጣድኩት እኔ፣ ጨው የነሰነሰችው እሷ፤ ሙገሳው ለጨው ብቻ ሆነ።

3. ውጤቱ በአዳራሽ በተገለጸበት ዕለት ክቡርነትዎ "ከእህትማማቾቹ ጎበዟ ታናሿ ናት" ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። እኔም በጥርሴ ሳቅሁ፤ አንጀቴ ግን አረረ። እናታችንም ይህንኑ ሰምታ ኖሮ በስልክ እልል አለችብኝ። በማግስቱ ክፍሌ በእህቴ ሥር እንዲጠቃለል ተወሰነ።

4. ስለዚህ የክፍሌ ቴክኒሻን ባለበት፣ እህቴም እያየች፣ ያንኑ ፈሳሽ ከገበያ በተገዛ ካርቦን ሞከርኩት። ጭማሪው ጨው እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላመጣም። ጨው ገብቶ የሚቀመጥባቸው ረቂቅ ቀዳዳዎች ያሉት እኔ በሠራሁት ካርቦን ላይ ነውና። እህቴ መለኪያውን አይታ፣ "እትዬ፣ እውነትሽን ነው። ስለ ውጤቱ በሚታተመው ጽሑፍ ላይ ያንቺ ስም ይቅደም፤ እኔው ሄጄ ለዳይሬክተሩ እነግራቸዋለሁ" አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ባሰብኝ። በሥራ መብለጧ ሳያንስ በደግነትም በለጠችኝ። "ተይው!" ብያት ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ኮሪደር እየተላለፍን አንነጋገርም።

5. በመሆኑም ሙከራው በገለልተኛ ባለሙያ ተደግሞ የካርቦኑ ድርሻ በሚታተመው ጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ክፍሌም ራሱን ችሎ እንዲቀጥል በትሕትና አመለክታለሁ። እህቴ ስለ እኔ ልትለምንዎ ከመጣች ግን እባክዎ አይስሟት። ድርሻዬን ከክቡርነትዎ በፍርድ እንጂ ከታናሼ በችሮታ ልቀበል አልችልም።

ፍርድዎን ከሚጠብቅ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የኤሌክትሮድ ክፍል ተመራማሪ፣ ታላቅየዋ