ስለ ግማሽ ኪኒን እና ስለ ጭብጨባዎ

ለክቡር ዶክተር ኢዮስያስ በርናባስ
የጸዳል የመድኃኒት ምርምር ማዕከል ዋና ኃላፊ
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ከረማችሁ? ፈጣሪ ጤናችሁን ይጠብቅ፤ በተለይም ጤናችሁ እንደ እርስዎ ባለ ማዕከል እጅ እንዳይወድቅ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ አስካለ ወንድሙ እባላለሁ፤ ነዋሪነቴ መሃል ከተማ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የአለቆችን ደብዳቤ በታይፕ ስመታ ስለኖርኩ ለትልቅ ሰው እንዴት እንደሚጻፍ አይጠፋኝም። የሳያት እናት ነኝ። ሳያት ማን እንደሆነች ከረሱም አይጨነቁ፤ ከታች እነግርዎታለሁ።

ባለፈው ወር እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ በተመረቀው «ነጩ መርፌ» በተሰኘው ፊልም ላይ እኔም ከኋላዎ ተቀምጬ ነበር። ከውጭ አገር የመጡ ክፉ ሰዎች ምስኪኖችን መድኃኒት መሞከሪያ ሲያደርጉ የሚያሳየውን ይህን ልብ አንጠልጣይ ፊልም በሕክምና አማካሪነት ያገዙት እርስዎ መሆንዎን ከስሞቹ ዝርዝር ላይ አነበብኩ። ሲያልቅም መድረክ ላይ ወጥተው፣ እንዲህ ያለው ግፍ በእኛ ከተማ የማይታሰብ በመሆኑ ፈጣሪን አመሰገኑ። አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ግን አበስኩ ገበርኩ ብዬ ወጣሁና፣ ምስጋናዬን በጽሑፍ ላድርሰው ብዬ ተቀመጥኩ።

አንደኛ፣ ስለ ትሕትናችሁ አመሰግናለሁ። በፊልሙ ላይ ክፉው ሰው ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ሲጋራውን እያጨሰ፣ ድሆችን በሽጉጥ ያስፈራራል። ወይ ጉድ! እኛን ማን አስፈራርቶን ያውቃል? የእናንተ ሰዎች የጎረቤቴን የታቢታን እናት በቋንቋዋ በሲዳሙ አፎ፣ እኔን በአማርኛ ሰላም ብለው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገብተው፣ ልጆቻችን ከሚጥል በሽታ እንደሚገላገሉ አጫወቱን። የጤና ጣቢያው ኪኒን ከልጅነታቸው ጀምሮ አልያዘላቸውም ነበር፤ እኔ ሳያትን ጠበል፣ እሷ ታቢታን ጸሎት ቤት ስናመላልስ የኖርን እናቶች ነን። እንኳን በሰላምታ፣ በግልምጫም ብትጠሩን እንመጣ ነበር። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ድሮም እሰማ ነበር፤ ለእኔ መሆኑን ግን አላወቅሁም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥርዓት አክባሪነታችሁ አመሰግናለሁ። ለሁለቱም ልጆች መልኩ አንድ የሆነ ኪኒን ሰጣችኋቸው። ሳያት መውደቋን አቆመች፤ ከምትሠራበት ፀጉር ቤት ብቻዋን ወደ ቤት መመለስ ጀመረች፤ እኔም ስልኬን ጨብጬ በር በር ማየቴን ተውኩ። ታቢታ ግን እንደ ቀድሞዋ ትወድቅ ነበር። ልጄ ደግሞ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለች ያደገች ናትና፣ የእኔ ኪኒን ሳይጠነክር አይቀርም ብላ በየጠዋቱ ለሁለት እየከፈለች ግማሹን በአጥር ታቀብላት ጀመር። ታቢታም መውደቋን ተወች፤ ሁለታችን እናቶች አጥሩን ይዘን ያለቀስነው ልቅሶ የደስታ ነበር። አሁን ሞኝነታችንን ይዩልኝ፦ ሳያት ለክትትል ስትመጣ ይህንኑ እንደ በጎ ሥራ ቆጥራ፣ ፊቷ እየበራ፣ ለእርስዎ ለራስዎ ነገረችዎት። የጠበቀችው ምርቃት ነበር። እርስዎ ግን ጥናቱን አበላሻችሁ ብለው ሁለቱንም በዚያው ዕለት አሰናበቷቸው፤ ለታቢታ ስትሰጧት የነበረው ምንም የሌለበት ባዶ ኪኒን መሆኑን የሰማነውም ያኔ ነው። ባዶውን ማብላት ሥርዓት፣ እውነተኛውን ማካፈል ደግሞ ጥፋት መሆኑን ስላስተማሩን እናመሰግናለን፤ እኛ የምናውቀው በተቃራኒው ነበር።

ሦስተኛውን አሳጥሬ ልጻፈው። መድኃኒቱ አንድ ቀን እንኳ እንዳይታለፍ፣ በድንገት ከተቋረጠ ሕመሙ ብሶበት እንደሚመለስ ያስጠነቀቃችሁን እናንተ ናችሁ። ያቋረጣችሁትም እናንተው ናችሁ። ሳያት በተሰናበተች በሳምንቱ ከፀጉር ቤት ጓደኞቿ ጋር ሐይቅ ዳር ሄዳ፣ እግሯን ልትታጠብ ከእነሱ ፈንጠር እንዳለች ወደቀች። ውኃው ጉልበት አይደርስም ነበር። እንደ ፊልሙ ሙዚቃ አልነበረም፤ ስሟን እየጠራ የሚሮጥ መልከ መልካም ዶክተርም አልነበረም። ተካፍላ የኖረችው ልጄ ብቻዋን ሞተች። ለቀብሯ ስለላካችሁት የአበባ ጉንጉን ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ጉንጉኑ ላይ የተጻፈው ስም ሶፍያ ይላል እንጂ። ሶፍያ የምትባለዋም ከታካሚዎቻችሁ አንዷ ከሆነች፣ እባክዎ ኪኒኗን እንዳያቋርጡባት።

አራተኛ፣ ስለ ጥበብ ፍቅርዎ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ የልጄ ሐዘን ሳይወጣልን ፊልም ሠሪዎቹ ሐይቅ ዳር መጡና በሽተኛ መስለው የሚቆሙ ሰዎች ፈለጉ። ታቢታ ሄደች። ዳይሬክተሩ ያዘዛት አሸዋው ላይ ተኝታ እንድትቃትት ብቻ ነበር። እሷ ግን ገና ቆማ ሳለ ሕመሟ መጣባትና እውነተኛ አወዳደቅ ወደቀች። አንድም ሰው አላነሣትም፤ ካሜራው እየሠራ ነበርና። ስትነቃ ሁሉም ያጨበጭባል፤ እሷም ግራ ቢገባት ሥራዬን በደንብ ሠርቻለሁ ብላ ፈገግ አለች። ኋላ ነገሩ ሲገባት እያለቀሰች ሄዳ ያን አውጡልኝ ብትላቸው፣ የሕክምና አማካሪው አይተው እውነትን የመሰለ ትወና ስላሉት ከፊልሙ አይወጣም ተባለች። ክቡር ዶክተር፣ ያቺን ልጅ በየወሩ ደሟን ሲቀዱ አልነበረም እንዴ? የምረቃው ዕለት እሷ ስትወድቅ ከመቀመጫዎ ተነሥተው ቆመው ሲያጨበጭቡ ከኋላ አየሁዎት። እውነትን መሰለ ያሉት እውነት ነበር።

ፊልሙ ከወጣ ወዲህ ያቺ ክፍል በየሰው ስልክ ላይ ትዞራለች። ታቢታ ባለፈው ሳምንት እዚያው ፒያሳ፣ ከምትሠራበት ልብስ ሰፊ ቤት ደጃፍ ላይ ወደቀች። ድሮ ቢሆን መንገደኛው ተሯሩጦ ክብሪት ጭሮ ያሸትታት ነበር፤ ክብሪት እንደማይጠቅም እናንተ ብታስተምሩንም፣ ቢያንስ የሚያሸትት ሰው አጠገቧ ይደርስ ነበር። አሁን ግን ጎረምሶቹ የፊልሟ ልጅ መጣች ብለው ስልካቸውን አወጡ። ድገሚው እያሉም አጨበጨቡላት። እናቷ ደርሳ ስታነሣት ግንባሯ በድንጋዩ ተተርትሮ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን ጨርሻለሁ፤ የቀረችኝ አንዲት ልመና ናት። ካሳ አልጠየቅሁም፤ ፍርድ ቤት የሚያመላልስ ጉልበትም የለኝም። ለታቢታ መድኃኒቷን ይስጧት፤ ባዶውን ሳይሆን እውነተኛውን። ሌሎቹ ዛሬም ከማዕከላችሁ እየወሰዱ ነውና አልቋል እንዳይሉኝ። ማካፈል ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የልጄ ነው፤ እሷም ከሚገባት በላይ ተቀጥታለች። የቀረ ቅጣት ካለ እኔ እናቷ አለሁ። ታቢታን ግን አታስጨርሱን፤ እኔም የእሷ እናትም ከእንግዲህ የቀረችን ልጅ አንድ እሷ ናት።

ለደግነትዎ ቃል ያጠረኝ፣ ስምዎን ባነሣሁ ቁጥር ከመቀመጫዬ የምነሣ፣ ዕድሜ ሰጥቶዎት የሠሩትን ሁሉ ቁጭ ብለው እንዲያዩ ሌት ተቀን የምጸልይ፣

አክባሪዎ
አስካለ ወንድሙ፣ የሳያት እናት

ግልባጭ፦
ለፊልሙ አዘጋጆች
በምረቃው ዕለት ላጨበጨባችሁ ሁሉ

ማስታወሻ፦ በምረቃው ዕለት ያቺን ተዋናይት በአካል ባገኛት ደስ ይለኛል ብለው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ሰኞ ጠዋት ከእናቷና ከእኔ ጋር በራፍዎ ላይ ትቆማለች፤ ዘበኛው እንዳይመልሰን አደራ ይበሉልን። ምናልባት ፊትዎ ከወደቀች ግን፣ ክቡር ዶክተር፣ እባክዎ አያጨብጭቡ፤ እናንተው እንዳስተማራችሁን በጎኗ ያስተኟትና ጭንቅላቷን ይያዙላት።