ማስያዣዬ የዕድር ደብተር

ሐምሌ 27

ዝናብ። ቤተ መጻሕፍት ዋልኩ፤ የክረምት ቆጠራ። ተማሪ የለም፣ መጽሐፉ ግን አለ... ከሞላ ጎደል። ሦስት መዝገበ ቃላት ጠፍተዋል። መዝገበ ቃላት የሚሰርቅ ተማሪ ተስፋ አለው ብዬ አለፍኩት።

አመሻሽ ላይ ጋሽ በላይነህ መጡ። አከራዬ ናቸው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እሳቸው ወደኔ መጥተው አያውቁም፤ ኪራዩን የምወስድላቸው እኔ ነኝ። ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ጉልበታቸው አወሩ።

«ልጄ ዮናስ ሊያገባ ነው እኮ።»

«እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ።»

«አሜን። መስከረም ላይ ነው።» ኮርኒሱን አዩ፣ መስኮቱን አዩ። «ይቺ ቤት ለባልና ሚስት ትበቃለች፣ አይደል?»

«በደንብ እንጂ። እኛ ኖረንባት የለ?»

ከቤት እንደወጣሁ የገባኝ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። ምስክርነቱን የሰጠሁት ደግሞ ራሴ ነኝ።

ነሐሴ 2

መናኸሪያ ወርጄ ኢዮስያስ የሚባለውን ደላላ አገኘሁ። ቢሮው ሁለት ስልክና አንድ ጃንጥላ ነው።

«ጋሼ፣ ስንት ናችሁ?»

«ሁለት» አልኩ። አፌ ለምዶ ነው። ባለቤቴ ሐና ካረፈች አሥር ወር ሆናት። ላርመው አሰብኩና ተውኩት... ለደላላ ምን ያደርግለታል?

ነገሩን አስረዳኝ። የሦስት ወር ቅድሚያ፣ ከዚያ በላይ ማስያዣ። ማስያዣው መስተዋት ቢሰበር፣ መብራት ሳይከፈል ቢቀር፣ እኔም ሳልታይ ብሄድ ለዚያ ነው።

«ሕጉ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ አይጠየቅም ይላል ሲባል ሰምቻለሁ» አልኩት።

«ሕጉ ቤት የለውማ ጋሼ።»

እውነቱን ነው። ማስያዣ ለሌለው ሰው ሦስት መንገድ አለ አለኝ። አንደኛው የመሥሪያ ቤት የዋስትና ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው ወለድ አገድ ነው፤ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ለአከራዩ ይሰጡታል፣ ያለ ኪራይ ይኖራሉ፣ ሲወጡ ገንዘብዎን እንዳለ ይመልስልዎታል። ግሩም ዘዴ ነው። ለሀብታም። እኔ ያለችኝን ሐና ሆስፒታል ተኝታ ጨርሻታለሁ።

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው አከራይ ይለያያል» አለና ስልኩን አነሳ።

ነሐሴ 5

የመሥሪያ ቤቴ ሂሳብ ክፍል ሄድኩ። ሀያት ደብዳቤውን ልትጽፍልኝ ወረቀት አስገብታ ነበር።

«ጋሽ አልአዛር፣ ጡረታዎ ስንት ቀረው?»

«አንድ ዓመት ከሁለት ወር።»

እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ጡረታ ሊወጣ ከሁለት ዓመት በታች ለቀረው ሰው ዋስትና አይጻፍም አለች፣ መመሪያ ነው። መመሪያውን የጻፈችው እሷ ይመስል ዓይኗን ሰበረች። አይዞሽ አልኳት። ማን ማንን እንደሚያጽናና ግራ የገባኝ በዚህ ዓመት ብዙ ጊዜ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ለሰው ልጅ መጽሐፍ ያዋስኩት ያለ ማስያዣ ነው። ስምና ክፍል ብቻ። የጠፋው ሦስት መዝገበ ቃላት።

ነሐሴ 9

ሁለት ቤት አየሁ። በአንዱ መስኮት የለም። በሌላው አከራይዋ «ብቻዎን ነዎት?» አለችና ክፍሉ ትናንት ተይዟል አለች። ትናንት። ኢዮስያስ ያን ክፍል ዛሬ ጠዋት ነው የሰማው።

ነሐሴ 11

ጋሽ በላይነህ ስንገባ ያስያዝነውን ሊመልሱ መጡ። በዚያን ጊዜ በግ ይገዛ ነበር። ዛሬ በጉን ማሰሪያ ገመድ ይገዛል፣ ከተረፈም ገበያ ድረስ የባጃጅ።

ከዚያ በፊት ግን ቤቱን ልይ አሉ። ግድግዳውን በጣታቸው እየነኩ የሚስማር ቀዳዳ ቆጠሩ። ኮርኒሱን እኛ እንዳሠራነው ልነግራቸው ነበር... ባሠራነው ዓመት ኪራይ የጨመሩብን «ቤቷ አምራለች» ብለው ነው። የተከራየውን ቤት የሚያሳምር ሰው ኪራዩን በገዛ እጁ ይጨምራል። ሐና ላይ ይህን ብዬ ብዙ ቀልጃለሁ። «እኛ አይደለን የምንተኛበት?» ትል ነበር።

አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት። አልጋው ራስጌ ሲደርሱ ቆሙ። እዚያ ያለው ቀዳዳ አይደለም፣ ሚስማሩ አለ። ነጠላዋም አለች፤ ከሰቀለችበት አላወረድኳትም።

ጋሽ በላይነህ ጣታቸውን መለሱ። ብሩን ሳይቀንሱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ወጡ። አሥራ ሰባተኛውን አልቆጠሩትም።

ነሐሴ 14

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ። የወይዘሮ ታቢታ ግቢ። ከዋናው ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል፣ አዲስ ቀለም የሚሸት። መስኮቷ ወደ አቮካዶ ዛፍ ነው። ወደድኳት። ሁልጊዜ የወደድኩት ነገር ላይ ነው ችግር የሚመጣው።

«ማስያዣው ስንት ነው?»

«ማስያዣ አልቀበልም» አሉ። ኢዮስያስ ጫማውን ማየት ጀመረ፤ ያውቅ ኖሯል። ሦስተኛው መንገድ ይሄ ነው።

«ሰው አለዎት?»

«እንዴት ያለ ሰው?»

«ቢታመሙ የሚመጣ። ቢሞቱ የሚያነሳ።»

ከኔ በፊት ማቴዎስ የሚባል ሰው ሦስት ዓመት ኖሯል። ድምፁ የማይሰማ፣ ኪራይ አሳልፎ የማያውቅ። ግንቦት ላይ ሁለት ቀን አልታይ አለ። በሦስተኛው በሩን ሰበሩት። ስልኩ ውስጥ የአለቃውና የደላላው ቁጥር ብቻ ነበር። የአባቱን ስም ወይዘሮ ታቢታ የሰሙት ከፖሊስ ነው። ጎረቤት አዋጥቶ ቀበረው።

«እኛ አማኞች ለቅሶ አናበዛም» አሉ። «ግን አንድ ሰው እንኳን ሳያለቅስ...» ገብተው ፖስታ ይዘው ወጡ። «ይሄ ያስያዘው ነው። ሙሉውን አለ። ለማን ልስጥ? ገንዘብ አያለቅስም ወንድሜ። እርስዎ የዕድር ደብተር ያምጡ። የየትም ሰፈር ይሁን። እስኪለቁ እኔ ጋ ይቀመጣል።»

«ካላመጣሁስ?»

«ክፍሉ ባዶ ይቀመጣል።»

ኢዮስያስ መንገድ ላይ «ጋሼ፣ የዕድር ደብተር ማን ያጣል?» አለኝ። 

ነሐሴ 15

ለራሴ ልጻፈው። ለሌላ ሰው አልተናገርኩትም።

ሐና የሞተች ጊዜ ዕድሩ ሁሉን አድርጓል። ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ ሰው። ሦስቱን ቀን አንዲት ደቂቃ ብቻዬን አልተውኝም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ግን ሌላ ቤት ለቅሶ ተሰማና ድንኳኑን ሊነቅሉ መጡ። ገመዱን ሲፈቱ፣ ወንበሩን ከሥሬ ሲወስዱ ቆሜ አየሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሦስት በር አልፎ ያው ድንኳን ተተከለ፤ ግራው ላይ ያለችው መጣፊያ ሳትቀር ትታየኛለች። ሐዘኔን ነቅለው ለሌላ ሰው ሰጡት ብዬ አሰብኩ። ልክ እንዳልሆንኩ ያኔም አውቅ ነበር። የቸኮለ ሙት ምን ያድርጉት?

ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ጥሩምባ ሲነፋ ሬዲዮ እከፍታለሁ። ወርሃዊውንም አልከፈልኩም፤ ድሮም የምትከፍለው እሷ ነበረች።

ደብተሩ ሣጥኗ ውስጥ ነው። አወጣሁት። ውስጡን አልገለጥኩም፣ የእጅ ጽሑፏ አለበት። ደንቡ ጀርባው ላይ ታትሟል፤ እሱን አነበብኩ። ዘጠነኛ፣ ስድስት ወር ያልከፈለ አባል ይሰረዛል። አሥረኛ፣ እንደገና የተመዘገበ ስድስት ወር ሳይሞላው ቢሞት ዕድሩ አይመለከተውም።

ስለዚህ እስከ የካቲት እንደማልሞት ለወይዘሮ ታቢታ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው።

ነሐሴ 19

አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ሄጄ ዓሣ በላሁ። ብቻዬን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው በሰልፍ ቆመዋል፣ ልክ እንደ ዕድር ኮሚቴ። አንዱ በጣም አፈጠጠብኝ። አጥንቱን ወረወርኩለትና ተገላገልኩ።

ማቴዎስ ማታ ማታ ምን ያደርግ ነበር? ያነብ ነበር?

ነሐሴ 22

ኢዮስያስ ደወለ። «ሴትዮዋ እየጠየቁ ነው፣ ምን ልበል?» እሑድ በላቸው አልኩ። የትኛው እሑድ እንደሆነ አልጠየቀም። ጨዋ ልጅ ነው።

ነሐሴ 25፣ እሑድ

ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ከደጅ ተመልሼ፣ በሦስተኛው ገባሁ።

አቶ ወርቁ፣ ሊቀመንበሩ፣ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ አየኝ። «አልአዛር! ሞቷል እንዳንል፣ ብትሞት እኛ ነን የምናውቀው።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

«እንደ አዲስ ልመዘገብ ነው የመጣሁት» አልኩ። «አሥር ወር አልከፈልኩም።»

«ደብተርህን አምጣ።»

ገለጠ። መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ። ለጸሐፊው ለሳሙኤል አሳየው። ሳሙኤል ትልቁን መዝገብ አገላበጠና ራሱን ነቀነቀ።

«አንተ ሰውዬ ትቀልዳለህ?» አለ አቶ ወርቁ። «እስከ ነሐሴ መጨረሻ ተከፍሏል።»

«ማን ከፈለው?»

ደብተሩን አዙሮ ሰጠኝ። አሥራ ሁለት ወር፣ አንድ በአንድ ማኅተም። ከጎኑ በሷ እጅ፣ ያች ወደ ግራ የምታዘነብል ጽሕፈት፣ «የዓመቱ ተከፍሏል።» መስከረም 18። ከመሞቷ ሃያ ቀን በፊት።

«በባጃጅ ነው የመጣችው» አለ ሳሙኤል። «ሁለት ሴቶች ደግፈዋት። ‹እሱ ስብሰባ አይወድም፣ የዓመቱን ተቀበሉኝ› አለች። ‹ከዓመት በኋላ ራሱ ይመጣል› ብላለች።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«የከፈለን ሰው ምን ብለን እንጠይቃለን?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ያላገላበጥኩት ወረቀት የለም። ቤቴ ውስጥ የነበረችውን አንዲት ደብተር ግን አልገለጥኩም።

አቶ ወርቁ ጎሮሮውን ጠረገ። «ቅጣት ግን አለብህ። አሥራ አራት ቀብር ቀርተሃል።»

«ስንት ነው?»

«በብር አንቀበልህም። ወንበር ትሸከማለህ።»

ሳሙኤል የአዲሱን ዓመት መዝገብ ከፈተ። ስም። ሥራ። ስልክ። «የቤተሰብ ብዛት?»

አልቸኮለም። እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀኝ። ሁሉም ጠበቁኝ፤ መልሱን የማያውቅ አልነበረም።

«አንድ» አልኩ።

ጻፈ።

ጳጉሜን 3

ዕቃ ጫንኩ። ከሁሉ የከበደው መጽሐፉ ነው፣ ከሁሉ የቀለለችው ነጠላዋ። ሚስማሩን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ጋሽ በላይነህ ከፈለጉ ቀዳዳውን አሁን ይቁጠሩት።

ወይዘሮ ታቢታ ደብተሩን በረንዳው ላይ ቆመው ገጽ በገጽ አዩት። «ሐና ማን ናት?»

«ሚስቴ። የከፈለችልኝ እሷ ናት።»

 ከማቴዎስ ፖስታ አጠገብ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት፣ የክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝ። ደብተሩን ባነበብኩ በስምንት ቀኑ አስያዝኩት። ለማየት ብፈልግ አንኳኩተው ይግቡ ብለውኛል።

መስከረም 2

አዲሱ ግድግዳ ላይ ሚስማር ለመምታት አስፈቀድኩ። «አንድ?» አሉ። አንድ።

መስከረም 13

ሳሙኤል ደወለ። ጎሚስታ የሚሠራው ዮሐንስ ሚስቱ አርፋለች። ሬዲዮ አልከፈትኩም። ሁለት ባጃጅ ቀያይሬ ሄድኩ። ሃያ ስድስት አግዳሚ ወንበር ተሸከምኩ፤ በደንቡ መሠረት ሳይሆን ወገቤ እንደቆጠረው። ድንኳኑ ግራው ላይ ያቺ መጣፊያ አለች።

መስከረም 15

ሦስተኛው ቀን። ሌላ ቦታ ስለተፈለገ ከሰዓት ድንኳኑ ተነቀለ። ገመድ ከፈቱት መሐል አንዱ እኔ ነኝ።

ዮሐንስ የተቀመጠበት ወንበር ብቻ ቀረ። ጎማ የሚያላቅቁ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጥሎ ድንኳኑ የነበረበትን ያያል። መሬቱ ላይ ሣሩ የተጋደመበት አራት ማዕዘን ቀርቷል። አውቀዋለሁ ያንን አራት ማዕዘን።

«ተነሣ በለው፣ መኪናው እየጠበቀ ነው» አለኝ አቶ ወርቁ።

«ይቺ ወንበር ትቅር።»

«ደንቡ አይፈቅድም።»

«ስድስተኛው ይፈቅዳል። አባል ከፈረመ ዕቃ እስከ ማግሥቱ ይቆያል ይላል።» ከደብተሩ ጀርባ ሸምድጄዋለሁ።

አቶ ወርቁ ወደ ሳሙኤል ዞረ። ሳሙኤል መዝገቡን መኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋ። «አንድ አግዳሚ ወንበር። ብትጠፋ ማን ይጠየቃል?»

ፈረምኩ።

መኪናው ሄደ። ዮሐንስ አጠገብ ተቀመጥኩ። ካፊያ ጀመረ፣ ተወ። «ጋሼ፣ ቤትዎ አይሄዱም?» አለኝ።

«ወንበሯ በኔ ስም ናት» አልኩት። «እስክትነሣ እጠብቃለሁ።»

ትንሽ ፈቀቅ አለና ቦታ አሰፋልኝ።